ጭድ ውስጥ የከረሙት ኮምፒውተሮች

ሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ባልደረባዬ ሰይድ ጉድ ሠራኝ። ጦርነቱ ሲቃረብ የኮሌጁን ኮምፒውተሮች በአህያ ጭነን ያሸሸነው እኔና እሱ ነን። የተማሪያችን የቶይባ አባት አምባሰል ገጠር ጭድ ክምር ውስጥ ደብቀው አቆዩልን። ከተመለስን ወዲህ የፕሮግራሚንግ ትምህርቱ በወንፈል ይሁን፣ አንድ የከተማና አንድ የገጠር ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር ይጣመሩ ብለን ተስማማን፤ ዛሬ የሚያውቀው ይጽፋል፣ ነገ የማያውቀው። ያኔ የሚያውቀው እጁን ሰብስቦ በአፉ ብቻ ያግዛል።

ዛሬ ከውጫሌ ስመለስ ኮምፒውተሮቹን የያዙት የከተማ ልጆች ብቻ ናቸው። የገጠሮቹ ሌላ ክፍል ተቀምጠው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ፈተና ደረሰ እኮ ወንድሜ! ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲፈልጉ የሚውሉትን እየጠበቅን የሚያልፉትን እንጣል? ወላሂ፣ ለኮሌጁ ብዬ ነው።"

ለኮሌጁ! እኔን ሳይጠይቅ፣ ውጫሌ መሄዴን ጠብቆ።

ቶይባን በረንዳው ላይ አገኘኋት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"መምህር፣ ኮምፒውተሩ እኛ ቤት ሳለ አባየ 'የሰው አደራ ነው' ብሎ አላስነካንም። 'ትምህርት ሲከፈት አንቺ ትጀምሪዋለሽ' ነበር ያለኝ። ለገበያ ሲወርድ ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው?"

 ያንን ቃል ለአባቷ የሰጠው ሰይድ ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ አሜን ብያለሁ።