መጨረሻ ላይ እንዳይሞቱ

ካሜራው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሦስት እግሩን ተክሎ ቆሟል፤ ክዳኑ ግን አልተነሣም። ራጂ ሦስቴ ወደ ክዳኑ እጁን ሰዶ ሦስቴ መልሷል። ራጂ የሟቿ የወይዘሪት ኦዴት የወንድም ልጅ ነው፤ ላለፉት አራት ዓመታት ፊልማቸውን ሲቀርጽላቸው የነበረውም፣ ይህን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። እጁ ለምን እምቢ እንዳለው እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው መነሣት አለበት።

ወይዘሪት ኦዴት ነህራ ከአባታቸው ከፀጉር አስተካካዩ ኢልያስ ነህራና ከእናታቸው ከሙኒራ በ1957 በደቡብ ሊባኖስ በማርጀዩን ተወለዱ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከሲኒማ ቤት እያለቀሱ መጥተው፣ "አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሴቷ የምትሞተው ለምንድነው?" ብለው ጠየቁ። አባትየው ከያዙት ጭንቅላት ቀና ሳይሉ፣ "ፊልሙ ማለቅ አለበት፣ ልጄ" አሏቸው። ይቺ መልስ ዕድሜ ልካቸውን አናደደቻቸው።

ሁለተኛ ደረጃን በመነኮሳት ትምህርት ቤት ጨርሰው በ1975 ወደ ቤይሩት ገቡ። ፎቶ ቤት ተቀጥረው ሥራ ለመዱ፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሠርግ ቀረጹ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁን እንደዳሯችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። "ሙሽራዋ ስታለቅስ ቅረጫት እንጂ!" የምትል አማት ካለች፣ "እኔ የተጠራሁት ለደስታ ነው፣ ለልቅሶ ሌላ ሰው ፈልጊ" ይሏት ነበር።

በ1994 በሠርግ ካሜራቸው የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሠሩ። የሚዋደዱ ሁለት ልብስ ሰፊ ሴቶች ታሪክ ነው። በጽሑፉ ላይ ሁለቱ መጨረሻ ላይ ሱቅ ይከፍታሉ። ፕሮዲዩሰሩ ግን፣ "ኦዴት፣ እባክሽ፣ አንዷን ግደያትና ይለፍልን" አላቸው። ደክሟቸው ነበር፤ እሺ አሉ። አንደኛዋ ከሰገነት ወደቀች። ፊልሙ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱንም በር እንዳይዘጋ መደገፊያ አደረጉት፤ ዛሬም እዚያው ነው።

በዓመቱ ከአንድ ማሳያ በኋላ ከሰሜን ሊባኖሷ ትሪፖሊ የመጣች ፋርማሲስት ጠጋ ብላ፣ "በፊልም ላይ እኔን የምትመስል ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ትኬት ሁለቴ ገዛሁ። ሁለቴም ገደሏት" አለቻቸው። ያቺ ፋርማሲስት ሂያም ናት። ሃያ ስምንት ዓመት በቤይሩት ጌይታዊ ሰፈር አንድ ቤት፣ ባንድ ማድጋ፣ ባንድ ኩርፊያ ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ኦዴት ሴት ላይገድሉ ማሉ። ጣጣው የመጣው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ፊልም ጻፉ፤ ሦስቱም ተመለሱ። እዚህ አገር ፊልም የሚፈቅደው ሰውዬ፣ "ሁለት ሴቶች አብረው ሲኖሩ ካሳየሽ መጨረሻ ላይ ይቀጡ፤ አለዚያ ሰው ይማርበታል" አላቸው። ውጭ አገር ገንዘብ የሚሰጡት ደግሞ፣ "እና ማን ነው የሚያሳድዳቸው? ወንድም የለም? ቢላ የለም? ችግሩ የታለ?" አሉ። "ችግሩ ጄኔሬተሩ ነው! ማታ ማታ ይጠፋል፣ ለማስነሣት ተራው ያንቺ ነው ያንቺ ነው እያሉ ይጣላሉ" ብለው ቢያስረዱ ማን ይስማ! አንዱ ለኃጢአታቸው፣ አንዱ ለአሳዛኝነታቸው፣ ሁሉም ሞታቸውን ነው የሚፈልገው። ኦዴት ስልኩን ዘግተው ወጥ ቤት ይገቡና ድስት ያንኳኳሉ። ሂያም ከሳሎን፣ "እኔ ግን እየኖርኩ ነው፣ ድስቱን ተይው!" ትላለች።

በ2019 ማንንም ሳይጠይቁ አዲስ ፊልም በራጂ ካሜራ ጀመሩ። ሁለት አሮጊቶች አሉ፣ ራሳቸው ኦዴትና ሂያም፤ ያረጃሉ፣ ይነታረካሉ፣ አለቀ። የመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ደበርጃን በዋልነትና በቃሪያ ሞልተው ለብርድ ወራት ዘይት ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ አንዷ "ጨው በዛ" ስትል ነው። ደበርጃኑ የሚደርሰው በመስከረም ስለሆነ የቀረጻው ቀጠሮ ለ2023 መስከረም ተያዘ። በመጋቢት ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙን፣ "እስከ ደበርጃን ድረስ ታደርሰኛለህ?" ብለው ጠየቁት። አላደረሳቸውም። በ2023 ነሐሴ መጨረሻ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ትላንት ፊልሙን ሊያስጨርስ ቃል የገባው የውጭ አገር ፕሮዲዩሰር ደወለ። "ራጂ፣ ወንድሜ፣ ልቤ ተሰብሯል። ግን አስበው፤ ቀብሯን ከቀረጽክ ፊልሙ መጨረሻ አገኘ። ያኔ ሁሉም እሺ ይላል። አለዚያ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።" ራጂ ስልኩን ወርውሮ ሶፋ ላይ ባይወድቅለት ኖሮ ዛሬ ስልክ አልነበረውም።

ለሂያም ነገራት። እሷም፣ "ፊልሙ ካልወጣ እንደኔ ያለችው ልጅ አታየንም። እንዲህ ከወጣ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ገደሏት። እኔን አትጠይቀኝ፣ ካሜራው ያንተ ነው" አለችው።

ወይዘሪት ኦዴት ወንድማቸውን ሰሊምን፣ የወንድማቸውን ልጅ ራጂንና የሕይወት አጋራቸውን ሂያምን ትተው ሄደዋል። ሰሊም ልጃቸውን፣ "ሂያምን የቤት ደባል በላትና እለፍ" ብለውት ነበር። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የሞት ማስታወቂያ ወረቀት የሂያም ስም የለም፤ እዚህ ግን አለ፣ ጮክ ተብሎም ይነበባል።

አምላክ ነፍሳቸውን ማንም መጨረሻቸውን በማይጽፍላቸው ቦታ ያኑርልን፤ ለሂያምም በረንዳው ላይ መጽናናት ይስጣት።

አሁን የሬሳ ሣጥኑ ሊወጣ ነው። ደበርጃኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካሜራው ደጃፍ ላይ ነው፤ ክዳኑን ማንሣት የአንድ ጣት ሥራ ነው። እናንተ የራጂን ቦታ ብትይዙ ምን ታደርጉ ነበር?