በክብሪት ቤት የተኙ ወታደሮች

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሳሉ ተወህ ወይ? የአስመራን ብርድስ ለመድከው? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል፤ በየተራ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ወታደሮችህ። ፈረንጆቹ ከሚሽኑ ሲሄዱ የተዉልህ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ኮረብታና ወንዝ በጠመኔ እየሳልክ ከዳልጮ ጋር ታዋጋቸው የነበሩት የፕላስቲክ ወታደሮች ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ አንዱም አልጠፋም። ሣጥኑ ከቆርቆሮው ሥር ስለነበር ሙቀቱ የፈረሰኞቹን ጦር አጉብጦታል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ነክሬ በጣቴ አቃናለሁ፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስከተው እንደተቃና ይቀራል። ያስቸገረኝ የተሰበረ እግር ነው። የጫማ ሰፊው ማስቲሽ አይይዘውም። በጋለ መርፌ ሁለቱንም ወገን እበሳና ቀጭን ሽቦ አስገብቼ አገጣጥማለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን በጥጥ ጠቅልዬ ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ አስተኛለሁ፤ ከላይ ቁጥሩንና የተሰበረበትን ቦታ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባዘዘው መጥቶ ይህን ሲያይ፣ መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ለማን ነው የሚመለምሉት ብሎ ሳቀብኝ። አንዱን አንስቶ፣ ይሄማ እግሩ ሽቦ ነው፣ ሕክምና አያልፍም አለ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ያስተማርኩት ልጅ ቢሆንም የይለፍ ወረቀቴ በእጁ ነው። መጥቼ ልይህ ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ የአዲሱን ዙር ምልምሎች ዝርዝር ጽፌ ሳላስረክብ ከአርባ ምንጭ መውጣት የለም። እንደ እርስዎ ያለ የእጅ ጽሑፍ ከየት እናገኛለን ይለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ማን እንደጠቆመህ ነው። በደብዳቤዎችህ ሁሉ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቂቱ ሰላምታ አለመላክህን አይቻለሁ። ልጇ ዳልጮ በሁለት ወር እየበለጠህ እሱ ቀርቶ አንተ ስለሄድክ፣ እርሷ ናት ብለህ ይዘሃል። አይደለችም። ያን ጊዜም ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወርቂቱ ደጄ ላይ ቆማ፣ መምህር፣ የእኔን አሥራ ስድስት ይበሉልኝ፤ ብዕሩ እንደሆነ ለስድስትም ለስምንትም የሚደክመው እኩል ነው አለችኝ። ጻፍኩላት። ወደ አንተ ስደርስ ባዘዘው ከጀርባዬ ቆሞ፣ የመምህር ልጅስ ስንት ሞላው አለ። እንዲሁ ለጨዋታ ነበር፤ ያልኩትን ይቀበለኝ ነበር። እኔ ግን ለልጁ አደላ እንዳልባል ብዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ቀን አልኩት። ሦስቱን ቀን የጠየቀኝ አልነበረም።

ለሌላ ሰው ልጅ መዋሸት ችዬ ለአንተ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ልነግርህ እየተቀመጥኩ ስለ ዝናቡና ስለ ሙዙ ጻፍኩልህ። እኔን እንደፈለግህ ፍረድብኝ፤ ወርቂቱን ግን ሰላም በላት።

አዲሱን ዝርዝር ዛሬ ጨርሻለሁ። ሃያ ሦስት ልጆች ናቸው። በአሮጌው መዝገብ ስሌት ዳልጮም አሁን አሥራ ስምንት ስለሞላው ገብቷል። በጥሩ ቀለም፣ መስመር ሳላዛንፍ፣ ለሃያ ሦስቱም አሥራ ስድስት ብዬ ጽፌያለሁ። ሰኞ ጠዋት ለባዘዘው አስረክባለሁ። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝና አይስተውም። የይለፍ ወረቀቱን ከእንግዲህ አልጠይቀውም።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። አክስትህ ልክነሽ ቆስሎ እዚያው አስመራ የተኛ ባለቤቷን ልትጠይቅ ነገ ስለምትነሳ፣ በእጅህ ትሰጥሃለች። ወታደሮችህን ትናንት ሴቻ ሰፈር ቤቷ አድርሻለሁ፤ ከጣሪያው ርቀው አልጋ ሥር ተቀምጠዋል። ስትመለስ ቤታችን ተዘግቶ ብታገኘው አትደንግጥ፤ በቀጥታ ወደ እርሷ ሂድ። ቁጥር ሃያ ስድስትን አልጨረስኩም፤ ሽቦውን አብሬ አስቀምጬልሃለሁ። መርፌውን ብዙ አታግለው፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ከጥይት ይሰውርህ። ከክፉ አዛዥ ይጠብቅህ። በሁለት እግርህ ለአገርህ ያብቃህ።

አባትህ