ቧንቧውን ስለ ዘጋው ቅጥራንና ስለ ታናሽ ወንድሜ፣ ለክቡር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

እንደ ምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በሆስፒታል ትሪ የሰበርሁት አፍንጫዎ በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ የፋብሪካዎ የጋዝ ጥራት መርማሪ፣ ከሁለት የጎድን አጥንቶቼ በቀር ደህና ነኝ። ለክስዎ መልሴን ፍርድ ቤት እሰጣለሁ፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን ከመነሻው እንዲያውቀው ምስጋናዬን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ሥራችን የእንጨት ፍቅፋቂና የበቆሎ ቆረቆንዳ በጥቂት አየር አንድደን፣ የሚወጣውን ጋዝ ለመብራት ሞተር ማቀበል ነው። እንጨቱ እርጥብ፣ ምድጃው ለብ ያለ ሲሆን ግን ከጋዙ ጋር ቅጥራን ይወጣና ቧንቧ ውስጥ ሲበርድ እንደ ሙጫ ይጋገራል። ይህንን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ደረቅ እንጨት ይግባ፣ ቅጥራኑ እንዲሰባበር ሙቀቱ ይጨመር፣ የማጣሪያው ከሰል ይለወጥ አልሁ። ከጋዙ መውጫ ላይ ለአፍታ ይዤው ጥላሸት የመሰለውን ነጭ ጨርቅም ጠረጴዛዎ ላይ ዘረጋሁ። «ጥቁር ጨርቅ ካማረሽ ለቅሶ ቤት ሂጂ» ብለው በሠራተኛው ፊት አሳቁብኝ። ቀልድ ያውቁበታል፤ እኔም ስቄያለሁ።

፪. ስለ ፈጣን ውሳኔዎ። ቧንቧው ድፍን ብሎ ሞተሩ ሲያጣጥር፣ መካኒኩ ታናሽ ወንድሜ ምድጃው ጠፍቶ እስኪበርድ አንድ ቀን እንዲሰጡት ለመነዎት። እርስዎ ግን በማግሥቱ ጎብኚዎች ይመጡ ስለ ነበር «ወንድ ከሆንህ በመዶሻ ክፈተው!» አሉት። ከፈተው። ጋዙ አየር እንዳገኘ ፈነዳ፤ የቧንቧው ክዳን ደረቱን ደረመሰው፤ የፈላው ቅጥራን ፊቱ ላይ ተለጠፈ። ጓንቱን ሳወልቅለት የእጁ ቆዳ አብሮ ወጣ። «እታለም፣ ዓይኔ ላይ ያለውን ጥረጊልኝ» ይለኝ ነበር፤ የሚጠረግ ዓይን ግን አልነበረም።

፫. ስለ ጥየቃዎ። በሦስተኛው ቀን ከሁለት ጥበቃዎችዎ ጋር ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተገኙ፤ «ቧንቧውን ያለ ትእዛዝ የከፈትሁት እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት አዘጋጅተው፣ በአውራ ጣቱ እንዲያትምልዎ መጡ። የሚያትምበት ጣት እንደሌለው ሲያዩ ስለ እሱ እንድፈርም ብዕር ወደ እኔ ዘረጉ። ትሪውን ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ መታሁዎት፤ ሁለተኛውን ጥበቃዎችዎ አስቀሩብኝ። ወለሉ ላይ ጥለው በጫማ ሲረግጡኝ፣ ምንም የማያየው ወንድሜ «እህቴን ተዉአት! እህቴን ተዉአት!» እያለ ይጮህ ነበር። በማግሥቱ አረፈ።

በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ መጀመሪያው ምት ሳይሆን ስለ ሁለተኛው መቅረት።

ለከፍተኛ ጥበብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ቀና ለማለትም የጎድን አጥንቴ እየከለከለኝ፣

ከሥራ የታገደችው የሟቹ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ በሕክምና ፈቃድ ላይ ሳሉ ምክትልዎ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት የከረመውን ደረቅ እንጨት አስገብተው፣ ከሰሉን አስለውጠውና ሙቀቱን አስጨምረው ሞተሩን አስነሥተዋል፤ ቅጥራን የሚባል የለም። ሥራው ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ፦ ከቁርስ እስከ ምሳ።