ስልጠናው ላይ አልገኝም

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩዎት ከልማድ ነው፤ እጄ ሌላ መጀመሪያ አላውቅ አለኝ። ጸሐፊዎ ደውላ፣ ለአዳዲሶቹ መምህራን በሚሰጠው ስልጠና ላይ እንድናገር እንደፈለጉ ነገረችኝ። ርእሱም «የክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህሩን እንዴት ይደግፋል» ነው አለች። ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ።

ማስተማር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልክድም። እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንደኛ ክፍል ልጆች እንደ ንብ ሲተሙብኝ፣ ጥያቸው ወጥቼ ኳስና ካርታ በሚቀመጥበት ክፍል ተሸሽጌ ሳለቅስ አገኙኝ። አልተቆጡኝም። ገብተው እስከ ምሳ ሰዓት አስተማሩልኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያች የልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበትዎ አገጭዎን ሊነካ፣ ከኋላ እየተቀመጡ ያዳምጡኝ ነበር። ሲያልቅም ያማረልኝን አስቀድመው፣ የተበላሸብኝን አስከትለው ይነግሩኛል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ በልቤ የእሱን ቦታ ሰጥቼዎት ነበር። ጠዋት ጠዋት መምህራን ስንጸልይ የአንዳችን ሸክም የሁላችንም ነው ይሉን ነበር። እኔም የዋህ፣ አመንኩ።

ከዚያ ባሌ ሌላ ሴት ወድዶ ጥሎኝ ሄደ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገባ። የወላጆች ሰብሳቢ፣ ያ መድኃኒት ሻጭ፣ ስብሰባ አስጠራ። ፊት ለፊቱ አስቀምጦኝ፣ «ትዳሯን ያላቆመች ሴት የልጆቻችንን እምነት እንዴት ታቆማለች?» አለ።

እርስዎን አየሁ። የፈለግሁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ «ጥሎ የሄደው እሱ ነው» ቢሉልኝ ይበቃኝ ነበር። እውነቱን ያውቁታል፤ ከባለቤትዎ ጋር ቤቴ መጥተው አብረውኝ አልቅሰዋል። እርስዎ ግን የእስክሪብቶዎን ክዳን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር።

በማግስቱ ቢሮ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ ዕረፊ። እኛም እንጸልይልሻለን» አሉኝ።

ነገሩ በረደ። ቦታዬ ላይ ግን ሌላ ሰው ተተካ። አጠገቤ ያስተምር የነበረው የሒሳብ መምህር እንኳ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ይጀምራል፤ ጫማው ደግሞ ክር የለውም። ተማሪዎቼን ሳልሰናበት ወጣሁ። አንዲት እናት ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ ልጇ «መምህራችን ሞተች እንዴ?» እያለች እንደምታስቸግራት ነገረችኝ። ምን ብላ እንደመለሰችላት አልጠየቅኋትም።

አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ይበዛሉ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ርእሰ መምህሯ ቁጡ ናት፤ ስለ ፍቅርም ስለ ሸክምም ስትሰብክ ሰምቻት አላውቅም። ልትቀጥረኝ ስትል፣ ከሰው ከምትሰማው ብዬ የባሌን ነገር ራሴ ነገርኳት።

«ማንበብ ያቃታቸውን ታስነብቢያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ሰኞ ነይ።»

ሌላ የጠየቀችኝ የለም።

ጋሼ፣ እዚያ መጥቼ ብናገር ከአዳዲሶቹ አንዷ እጇን አውጥታ «ታዲያ ለምን ለቀቁ?» ትለኛለች። መዋሸት አልችልም። እውነቱን ብነግራት ደግሞ ሥራዋን ፈርታ ትጀምራለች። እርስዎ ይንገሯት።

ለእትዬ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ለእርስዎም እጸልያለሁ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ገና አልቻልኩም።

«ልጄ» ይሏት የነበረችው