የአባባን የረጋ ደም ሽቦው ለምን አላወጣውም

ለምወድህና ለምታናድደኝ ወንድሜ ለአበረ፤

እንደምን ከረምህ? የፍራንክፈርት ብርድ እንዴት ይዞሃል? ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እማ «ከስቷል፤ ድምፁ ያስታውቃል» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። እኛ ተመስገን፣ ከንዴት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ገና ሳልጀምር ትጮህብኛለህ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለዚህ ወደዚያው ለሚመለሰው ለገበየሁ ይህን ወረቀት ሰጠሁት። ወረቀት ላይ አትጮህብኝም።

አባባ አንተን ሊያዩ ሄደው እዚያው ስትሮክ ስለመታቸው አንጀቴ ያራል፤ ያንተም እንደዚያው። ግን «ጭንቅላታቸው ውስጥ የረጋውን ደም በብሽሽት በኩል በገባ ሽቦ እናወጣለን ብለው ሳያወጡት ቀሩ፤ አይችሉበትም፤ ከሆስፒታሉ አስወጥቼ አገር ቤት አመጣቸዋለሁ» ማለትህን ተው። ሰለቸኝ! እኔ እኮ እዚህ ጤና ጣቢያ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጥቶህ የላክኸውን ወረቀት ከጤና ጣቢያችን ሐኪም ከዶክተር ምህረቴ ጋር ቁጭ ብለን ቃል በቃል አነበብነው።

የሽቦው ጫፍ መረብ ነው። መረቡ ደሙን ነክሶ መጎተት አለበት። ለስላሳ ደም ይያዝለታል፤ የአባባ ግን ከልባቸው ተነሥቶ የሄደ፣ የቆየና የጠጠረ ስለሆነ መረቡ እየሳተው ባዶውን ተመለሰ። የደም ሥራቸውም በዕድሜና በግፊት ብዛት ወደ ጫግኒ እንደሚወርደው መንገድ ተጠማዟል፤ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። በሦስተኛው ሙከራ ያዘ፤ ሲጎትቱት ተበጠሰና ፍርፋሪው ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ገባ። እዚያ ሽቦ አይከተለውም፤ በግድ ቢገፉት ሥሩ ተቀዶ ይገድላቸው ነበር። ስለዚህ አቆሙ።

ሰዓቱስ? ካናገርኸኝ ልናገር። ጠዋት አፋቸው ሲጣመም አባባ ራሳቸው «ምች ነው» አሉህ፤ አንተም እማ ሻንጣቸው ውስጥ የከተተችላቸውን ዳማከሴ አሽተህ ቀብተህ፣ ጋቢ ደርበህ አስተኛሃቸው። አምቡላንስ የጠራኸው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ደም ያጣው አንጎል አይጠብቅም፤ ሥሩ ቢከፈትም የሞተው አይመለስም። አልፈርድብህም፤ እዚህ ቢሆኑ እኛም ያንኑ እናደርግ ነበር፤ ነርሷ እኅትህም ጭምር። ግን ጸጸትህን ሐኪም ላይ አትለጥፍ፤ አደራህን።

ደግሞ «ንግግር የምታለማምዳቸው ሴትዮ ምንም አልፈየደችም፤ አባባ ይቀባዥራሉ፤ አእምሯቸው ሄዷል፤ ጠበል ይሻላቸዋል» ብለህ የላክኸውን ድምፅ ለእማ ከፍቼ አሰማኋት። ወይ አንተ! እማ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አባባ አልቀባዠሩም፤ አገውኛ ነው የሚናገሩት። ጥርባ ተወልደው አፋቸውን የፈቱበት አገውኛ! አማርኛውን በሽታው ቢወስድባቸውም ያኛው ቀርቷል። እማ ትሰማዋለች፤ አንተና እኔ ግን እዚሁ ቆሰበር በአማርኛ አድገን አባታችንን ሳናውቃቸው ቀረን። ለሴትዮዋ ይህንኑ ንገራት፤ አገውኛ የሚችል ሰውም ፈልጉ። ከዚያ ሆስፒታል እንዳታወጣቸው፤ የሚድን ነገር እያላቸው መንገድ ላይ እንዳትገድላቸው!

እማ ጉንጭህን ስማሃለች። አጎታችን ሽባባው «ይበርታ» ብለውሃል። ባለቤቴ ይሄነው፣ ልጄም ወርቅአየሁ በጣም ናፍቀውሃል። ለሚስትህ ለምሥራቅ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አባባን በማጠብ ስለደከመች እግዜር ይስጣት።

አባባ ምን እንዳሉ እማ ሦስት ጊዜ ሰምታ ነገረችኝ። «ልጄን ጥሩልኝ፤ ልጄ የት ሄደ?» ነው የሚሉት፤ አንተ አጠገባቸው ተቀምጠህ ድምፃቸውን እየቀዳህ። ወረቀቱ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ነገር እንደማያዩ ተጽፏል። እባክህ ወንድሜ፣ ተነሥና በግራቸው በኩል ተቀመጥ።

እኅትህ የሻረግ ውቤ
እንጅባራ፣ ኅዳር 19 ቀን 2010 ዓ.ም.