ወደ ወይራ አምባ የወጣንበት ሕማማት

ረቡዕ፣ ዳባት

ባሌ ኮስታ አልመለስም አለ። ጉልበቱ አብጧል፤ ከማኪናው ሲወርድ በሩን ይዞ ትንሽ መቆም ነበረበት። "አንተ እዚሁ ጠብቀኝ፣ እኔ ከአያ ባዩ ጋር ደርሼ እመጣለሁ" ስለው፣ "እናትሽ እናቴ ናት" ብሎ ዘጋኝ።

የእናቴን መታመም የነገረን አያ ባዩ ነው። የአባቴ ጎረቤት ነው፤ ጎንደር እህል ሊሸጥ መጥቶ ወደ ዳቦ ቤታችን ጎራ አለ። ጭኗ ላይ እብጠት ወጥቶ፣ ትኩሳቱ ከመደብ አላስነሣት ብሏል። አባቴ በጠበል ብቻ ይዘዋታል። "ልከውህ ነው?" አልሁት። መሬት መሬት እያየ "አላኩኝም" አለ።

ግሪኩን ኮስታን ካገባሁ ወዲህ አባቴ ደጄን አልረገጡም፤ እኔም ደጃቸውን። ቄስ ናቸው። ፊደልም ዳዊትም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ግሪክ ማለት ጣልያን ነው፤ ጣልያን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጥሎ የሄደ ነው። እንደኛው ኦርቶዶክስ ነው ብዬ ስንት ሰው ላክሁ፤ መልስ የለም።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ኮስታ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚል። ነገ መንገድ ላይ "እርስዎ" ማለትን ላስጠናው ነው።

ሐሙስ፣ ወይራ አምባ

እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ ደረቁን እርሻ አቋርጠን ገደሉን ወረድን። ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ግን አያልቅም። እህል አልቀመስንም። አያ ባዩ በየመታጠፊያው "ይችው ናት፣ ደረስን" ይላል። ኮስታ መጀመሪያ ያምነው ነበር፤ ኋላ መሣቅ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ መሣቁም ቀረ። "እርስዎ፣ እርስዎ" እያለ ነበር የሚወጣው፤ ትንፋሹ ሲያጥረው እሱንም ተወው።

ከአምባው አንገት ላይ፣ ወይራዎቹ ሥር ዐረፍን። ኮስታ ቅጠል ቀንጥሶ ነከሰ። "እኛ አገር ይኸ ዘይት ይሰጣል" አለ። አያ ባዩም "እኛ አገር ጭስ ይሰጣል" አለው። ኮስታ ቀና ብሎ የድንጋይ ቤቶቹን ሲያይ ቆየና "የእኔም መንደር እንዲህ ናት። ላይ ተቀምጣ ሰው ታደክማለች" አለኝ። ልጅ ሆኖ እንደወጣ አልተመለሰባትም። ስለ እሷ ሲያወራ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

አባቴን ደጅ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሸብተዋል። ተነሡ፤ ግን አልሳሙኝም። በሕማማት መሳሳም የለም። ስለ ሕማማቱ ይሁን ስለ ቁጣቸው ማወቅ አልቻልሁም። "ግቢ፣ እናትሽ ውስጥ ናት" አሉኝ። ኮስታን እንዳላዩ አለፉት። "እንደምን ዋልህ… ዋሉ" አላቸው፤ አልመለሱለትም። አያ ባዩ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደው።

እናቴ አጥንቷ ቀርቷል። ፊቴን ዳስሳ "ምነው ከሳሽ?" አለችኝ። እኔን።

እብጠቱ እንደ ፍም ይፋጃል፤ ቅላቱ እስከ ጉልበቷ ወርዷል። ጎንደር ሆስፒታል እንውሰዳት ብዬ አባቴን ለመንሁ። "ነገ ስቅለት ነው" ብለው ወጡ።

ዓርብ

ስግደቱ ወገቤን ቆረጠው። በየመካከሉ እናቴ ዘንድ እሮጣለሁ። ዛሬ አንዴ በእኅቷ ስም ጠራችኝ።

ኮስታ ከአያ ባዩ ጋር መጥቶ ወንዶቹ መካከል ቆመ። በዚያ ጉልበቱ ይሰግዳል። ሲያማትብ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። አፈርሁ፤ ማፈሬም አናደደኝ። ከዚያ ካህናቱ "ኪርያላይሶን" ሲሉ ኮስታ አብሮ መለሰ። ዜማው የእኛ አይደለም፤ ቃሉ ግን ያው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ማን ያየኛል ሳይል፣ ከልጅነቱ ያወጣው በሚመስል ድምፅ ነበር የሚል። አባቴ ዘወር ብለው አዩት።

ማታ ጠየቁኝ።

"ይኸ ሰውዬ ቃሉን ማን አስተማረው?"

"ቋንቋው ነው፣ አባ።"

"ስቅለትንስ መቼ ነው የሚውሉት?"

"ዛሬ። ፋሲካቸውም ከነገ ወዲያ ነው።"

"ማማተቡን ግን ገልብጦታል" አሉ።

ቅዳሜ

እናቴን ከትናንቱ ብሶባታል። ውሃ በጣቴ ነው የማጠጣት።

አባቴ እንደ ወጉ ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ዞሩ። አያ ባዩ ቤትም ገብተዋል። ለኮስታ በእጃቸው ራሱ ላይ አሰሩለት አለኝ አያ ባዩ። ኮስታም "እግዚአብሔር ይስጥህ" አላቸው። ይኸን ስሰማ ዓይኔን በእጄ ሸፈንሁ። "አባ ምን አሉ?" ስለው፣ "ምንም። ቄጤማውን አጥብቀው አሰሩት" አለ።

አባቴ ሲመለሱ ደጅ ላይ ጠበቅኋቸው። ልለምን አስቤ ነበር፤ ድካሙ ግን ልመናውን ወሰደው።

"እዚህ ከቆየች ትሞታለች፣ አባ" አልሁ።

"ጠበሉ አልበቃም ትያለሽ?"

"ጠበሉንም ይዘን እንውረድ።"

"በፋሲካ ተሸካሚ ከየት ይገኛል? ሰው ጾሙን ሊፈታ ነው" አሉና ገቡ። እምቢ እንዳላሉ የገባኝ ኋላ ነው።

እሑድ፣ ዳባት

ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች እናቴን ሊሸከሙ ዳቦ እያኘኩ መጡ። ዶሮው እቤታቸው ተሠርቶ እየጠበቃቸው ነው። ለካ አባቴ ቅዳሴው እንዳለቀ በር ላይ ቆመው ለምነዋል። እሳቸው፣ ሰው ለምነው የማያውቁት።

ቃሬዛ አሰርን። የፊቱን እንጨት አባቴ ያዙ። አንድም ሰው አልከለከላቸው። ኮስታ የኋላውን ሊይዝ ሲል "ተው፣ አንተ ራስህን አውርድ" ብለው መቋሚያቸውን ሰጡት። ለባሌ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይኸ ነው።

ቁልቁለቱ እናቴን አሠቃያት። በየእርምጃው ትጮህ ነበር፤ ወንዙ ዘንድ ስንደርስ መጮኋን ተወች፤ የባሰ ፈራሁ። ሰዎቹ እየተፈራረቁ፣ ሳያወሩ ነው የተሸከሙ። ኮስታ ከኋላ በመቋሚያው እያነከሰ መጣ፤ በየመካከሉ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ዳባት ስንገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ማኪናው ነገ ጠዋት ነው። አሁን ከመጻፍ መተኛት ይሻለኝ ነበር፤ ግን እንቅልፉም አልመጣም።

ሰኞ፣ ጎንደር

ሐኪሙ እብጠቱን ቀዶ አፈሰሰው። ሽታውን አልረሳውም። መርፌም ወጓት። "ቢዘገይ ኖሮ የምትለምኑኝ ለእግሯ ሳይሆን ለነፍሷ ነበር" አለ። ትኩሳቱ ግን ገና ነው። ይውረድ አይውረድ ዛሬና ነገ ይታያል ብሏል።

አባቴ ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዋሉ። ኮስታ ከዳቦ ቤታችን ትኩስ ዳቦ አምጥቶ ቆርሶ ሰጣቸው። ባርከው በሉ፤ ሸጋ ነው አላሉም፤ ሁለተኛ ሲሰጣቸው ግን ተቀበሉ። "ይጥምሃል?" አላቸው። አባቴ ግን "አዎ" ብቻ አሉት።

ሲመሽ ቤት ሄደው እንዲያርፉ ለመንኋቸው። እዚሁ እቀመጣለሁ አሉ። ቆይተው ራሳቸው "ቤታችሁ ሩቅ ነው?" አሉ።

"የቀሐን ወንዝ ተሻግሮ ነው፣ አባ። ትንሽ ዳገት አለው።"

"እንግዲህ ከእኛው አምባ አይብስም" ብለው ተነሡ። ኮስታ ይዟቸው ሄደ። ሁለቱም ያነክሳሉ።

እናቴ ውሃ ጠይቃ ጠጣች። ከዚያ ተኛች። ግንባሯን ስዳስሰው አሁንም ይሞቃል፤ የትናንቱን ያህል ግን አይመስለኝም። ወይም እጄ ደክሞት ይሆናል።