ቅንድቧን ብድግ ታደርጋለች

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለፌሌቲ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ትከሻህስ ተሻለህ ወይስ ብርቱካን የምትለቅምበት ከረጢት አሁንም ይቆርጥሃል? የባሕር ማዶውን ብርድ ቻልከው? አብረውህ የሚያድሩት የመንደራችን ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጉልበቷን እንዳመማት ነው፤ ቢሆንም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። መዝሙሩን ከሁሉ ቀድማ ትጀምራለች፣ ቆይ የሚላትም የለም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ነው። ደግሞ እኔና አንተ እህትና ወንድም ነን፤ በወጋችን እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥተን አንነጋገረውም። ስለዚህ ጽፌ ለኢሲሌሊ ሰጠሁት፤ እሱም ለለቀማው ወደ እናንተ ሲመጣ ያደርስልኛል።

ባለፈው እሑድ ባለቤትህን ሉፔን «ልጃችን አኔ አባቷን ረስታለች፣ በስልክ ስጠራት መልስ የለም፣ ምን እያላችሁ ነው የምታሳድጓት?» ብለሃት እንደነበር ሰማሁ። ሉፔ ስታለቅስ ነው የደረስኩባት። ወንድሜ፣ ልጅህ አላኮረፈችህም። አትሰማህም።

ከዝናቡ ወራት ጀምሮ የግራ ጆሮዋ ይመግል ነበር። ቀድሞ ቢሆን የጆሮ ነርሷ በጀልባ መጥታ፣ ውስጡን በመብራት አይታ፣ አጥባላት ትሄድ ነበር። አሁን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስክሪን ተተክሎ፣ ሐኪሟ ዋና ከተማ ተቀምጣ ልጆቹን በየተራ በዚያ ታያለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ የአገራችን ልጅ ናት። የአኔ ተራ ሲደርስ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ «ደህና ትሰሚኛለሽ የኔ ቆንጆ? ተሽሎሻል?» አለቻት። አኔ ሁላችንም አዎ እንደምንለው ቅንድቧን ብድግ አደረገች። ሐኪሟም «ጎበዝ» ብላ ሌላ ልጅ ጠራች።

እኔ ግን ልቤ አላመነም። ቤት ስንደርስ ከጀርባዋ ትከሻዋን ነካ አደረግኋትና፣ ፊቷን ስታዞር አፌን በእጄ ሸፍኜ ቀስ ብዬ «ዓሣ ትበያለሽ?» አልኳት። ቅንድቧ ብድግ አለ። «የአያትሽን ጫማስ ትበያለሽ?» አልኳት። አሁንም ብድግ። ሳቄ መጣ፣ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመው። ለካ ልጅቷ ያልሰማችውን ሁሉ፣ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር ስትል አዎ እያለች ኖራለች።

ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑን ከሰጠን ድርጅት ኪርስተን የምትባል ነጭ ሴት መጣች። ሥራዋ ስክሪኑ ልጆቹን ጠቅሟል አልጠቀመም ብሎ መገምገም ነው። የኛን ሰው ታውቀዋለህ፤ አሳማ ታረደ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሕፃናቱ ዘመሩላት። የመንደሩ ሹም ቪሊያሚ ተነሡና «ስክሪኑ ከመጣ ወዲህ እዚህ መንደር በሽታ የሚባል ነገር ረስተናል» አሉ። ይህን ሲናገሩ ሳል እያነቃቸው ነበር። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ «ጉድለቱንም ንገሩኝ፣ አይከፋኝም» ብላ ለመነች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። እኔ ልነሳ ስል እናታችን ቀሚሴን ጎተተችና «ቁጭ በይ አንቺ! እንግዳ ያመጣችውን ስጦታ ፊቷ ላይ ልትወረውሪባት ነው?» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ፣ ግን አልተውኩትም። ሴትዮዋ ልትሳፈር ስትል አኔን ይዤ ወደብ ወረድኩ። ልጅቷን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙሬ አቆምኳትና ሴትዮዋን በአስተርጓሚዋ በኩል «እስቲ በስሟ ጥሪያት» አልኳት። ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። አኔ ጀልባዋን ነው የምታየው። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ «ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችኝ። «ምግባችን አፍሽ ውስጥ እያለ?» አልኳት። እጽፈዋለሁ ብላ ሄደች።

ሳትጽፈው አልቀረችም። ነገር ግን የመንደር ሙሉ ምስጋና ባለበት የአንዲት ሴት አቤቱታ ማን ያየዋል? ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ መልስ መጣ። እጅግ ስለወደዳችሁት ሁለተኛ ስክሪን ተፈቅዶላችኋል፤ የነርሷ ጀልባ ግን ከእንግዲህ አያስፈልግም ይላል። ቪሊያሚ ደስ ብሏቸው ሌላ አሳማ አሳረዱ። እኔ አልቀመስኩም።

ከሉፔ ጋር ሆነን አኔን ወደ ዋናው ደሴት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አየ። የግራው ታምቡር ክፉኛ ተበልቷል፣ በዚያ በኩል ደህና ትሰማለች ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም አለን። ቀኙም ጀምሮታል። መድኃኒት ይዛለች፤ ያድነው አያድነው ገና አልታወቀም።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም፤ ቤቱን የያዝከው አንተ ነህ። ግን እሑድን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ደውል። ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ያዙላት በል፣ ቀስ ብለህም ተናገር። ቀኙ ሳይዘጋ ድምፅህን ትያዘው። ዝም ብትልህም አትቆጣት። ስልኩን ጨብጣ ቅንድቧን ብድግ እያደረገችልህ ነው፤ አንተ አታየውም እንጂ።

እናታችን ጸሎት እንዳትተው ብላሃለች። ሉፔ ተቀይሜዋለሁ በይልኝ ብላኝ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ሹራቡን እንዳያወልቅ በይው አለች። ባለቤቴ ማካ ጎመኑን አርሞልሃል፣ ሰላም ይልሃል። አኔን «ለአባትሽ ሰላም ልበልልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ቅንድቧን ብድግ አደረገች። ሰምታኝ ይሁን እንጃ።

እህትህ ኤሌኖአ
ሃአፓይ፣ ቶንጋ
ኦገስት 11 ቀን 2019